ያለ ፍርሃት የሚወራበት ሰኞ

የቤተ ሙከራችን ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ አዲስ ደንብ አወጡ፤ ሰኞ ሰኞ ያልተሳካልንን ሁሉ ያለ ፍርሃት እንድናወራ።

ኮሪደር ላይ ሦስቱ ባልደረቦቼ ያዙኝ። «የሳቸው ሙከራ ለእኛም እምቢ ብሎናል። አንቺ ጀምሪው እንጂ እንከተልሻለን» አሉኝ። እኔም ሞኟ የሰኞው ስብሰባ ላይ ገብቼ ጀመርኩ።

«ያሳተሙትን ሙከራ ዓመት ሙሉ ደጋገምኩት፤ የእርስዎን ውጤት ግን ላገኘው አልቻልኩም።»

ፕሮፌሰሩ አልተቆጡም። «ሌላስ እምቢ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ።

አንዱ ስልኩን ነካካ። አንዷ ጥፍሯን አየች። ሦስተኛው፣ ረጅሙ፣ ጣሪያው ላይ አፈጠጠ።

«እንግዲያው ችግሩ እጅሽ ላይ ነው፣ ልጄ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «በግልጽ ስለተናገረች ግን እናጨብጭብላት።»

ሦስቱም አጨበጨቡ። ረጅሙማ ሶፍት አቀበለኝ።