ለልቧ ብለን

መቱ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሮማነወርቅ ብቻ ሳታውቅ ሦስት ወር ሙሉ ኖረች። ወንድሟ ዳምጤ ያዮ ላይ ሞቶ ተቀብሯል። አርባውም ወጥቷል። ባሏ ወንድይራድ፣ ያ ጨዋ የተባለው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ «ለመስክ ሥራ ሁሩሙ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጥቶ የአማቹን ተዝካር በልቶ ተመልሷል። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ለምን ቢባሉ፣ ለልቧ ብለን ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ሮማነወርቅ ልብ ድካም አለባት። ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ቀኑ ሲመሽ እግሯ ያብጣል። የክሊኒኩ ድሬሰር ኩማ ባሏን ለብቻው ጠርቶ፣ «ጭንቀትና ብስጭት ለዚህ በሽታ ጠር ነው፤ ሐሳብ እንዳይገባት» አለው። ይኸው ነው ያለው። ከዚህች ምክር ተነሥተው እነ ወንድይራድ ሸንጎ ተቀመጡና የሴትዮዋን ሐዘን ቀሟት። ኧረ የሰው ያለህ! መርዶ እኮ ደንብ አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ይነግራል፣ ሰው ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ይወጣለታል። ያልተለቀሰ ሐዘን የት ይሄዳል ብለው ነው?

እሷማ በምን ትረፍ? በፋሲካ ከዳምጤ ጋር ተጣልታ ነበር። እሷን ሳያማክር ሴት ልጁን ዳረና ተናደደች፤ «ብትሞት አልቀብርህም!» ብላ ከደጇ ሰደደችው። ሳምንት ሳይሞላ ቆጫት። ክረምቱ እንደገባ ማር ላከች፣ «ና፣ ይቅር እንባባል» ብላ ሰው ላከች። መልስ የለም። «የገባ ወንዝ ሞልቶ ነው» አሏት። ወንዙ ጎደለ፤ ዳምጤ አልመጣም። «ቡና ለቀማ ይዞት ነው» አሏት። «ወንድሜ ቂም ይዞብኛል» እያለች ስታብሰለስል እንቅልፍ አጣች፤ ልቧ ያለ ዳገት፣ ያለ ሥራ፣ በተቀመጠችበት ይደልቅ ጀመር። ኩማ መድኃኒቱን ቢጨምርም ጠብ የሚል ነገር አልተገኘም። ከጭንቀት የሚያድኗት መስሏቸው በጭንቀት ሊገድሏት ደረሱ።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ወንፊት ልትዋስ ወደ ጎረቤቷ ወደ ጃለኔ ቤት በጓሮ በኩል እያረፈች ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ብታደርገው፣ የዳምጤ ሚስት ፈትለወርቅ ጥቁር ቀሚሷን እያወለቀች፣ ጃለኔ ነጭ ቀሚስ ይዛ ቆማለች። የፈትለወርቅ ጸጉር ተላጭቷል። ለካ ከያዮ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ እዚህ ቤት ጥቁሩን አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ነው «ዳምጤ ደህና ነው» ሲላት የከረመው!

«ያ ዋቃ! አምላኬ!» አለች ጃለኔ። ቀሚሱ ከእጇ ወደቀ።

ሮማነወርቅ ግን አልወደቀችም። መቃኑን ያዘችና «መቼ?» አለች።

«እትዬ፣ ለልብዎ ብለን...» አለች ጃለኔ።

«ወንድሜ መቼ ነው የሞተው!»

«ለሐምሌ አቦ» አለች ፈትለወርቅ በቀጭን ድምፅ።

አልቀብርህም ያለችው ነገር ደረሰ። እግዜር አፏን ሰምቶ ይሆን? የለም፣ እግዜርን አናማ። ወንድሟን ያለ እሷ የቀበሩት እነዚሁ አሳቢዎቿ ናቸው!

«ወንድሜን!» ብላ ደረቷን መታች። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጥቁሩ ልብስ ከየሳጥኑ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሁሉም አዘጋጅቶ ነበራ። ወንድይራድ ከሥራው እየሮጠ መጣ።

«ልብሽን! ኧረ ልብሽን!»

«ልቤን ተወው!» ብላ ጮኸችበት። «ቂም ይዞብኛል እያልኩ ስንገበገብ ቁጭ ብለህ እያየኸኝ! ሐዘኑ ቢገድለኝ ምን አገባህ? የራሴ ሐዘን፣ የራሴ ወንድም! በል ተቀመጥና እንደ ደንቡ አርዳኝ።»

ተቀመጠ። ፈትለወርቅ ግን ቀደመችው።

«ታምሞ ተኝቶ ሳለ ሦስት ጊዜ ሰው ልኮ አስጠርቶዎት ነበር፣ እትዬ» አለች እያለቀሰች። «‹እኅቴን ጥሩልኝ፣ ይቅር ትበለኝ› እያለ። ጋሼ ወንድይራድ መንገዱም ድንጋጤውም ይገድላታል ብለው መልእክተኛውን እየመለሱት...»

«እሱንስ ምን አላችሁት?»

ፈትለወርቅ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ወንድሜን ምን አላችሁት!»

«እየመጣች ነው አልነው። በሩን እያየ ነው ያረፈው» አለች ፈትለወርቅ።

ሮማነወርቅ ብዙ አለቀሰች። ያቋረጣት የለም። በኋላ እንባዋን ጠረገች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና መቃኑን ተደግፋ ተነሣች።

«በቅሎ ጫኑልኝ» አለች።

«ያዮ ልትሄጂ?» ወንድይራድ ከመቀመጫው ዘለለ። «ያን ሁሉ ዳገት? ኩማ እኮ...»

«እየመጣች ነው ብላችሁታል አይደል?» አለች። «ጫኑ!»