አማኑ የማያየው ፊልም

መጀመሪያ የመጣው የሴት ጩኸት ነው። የቪዲዮ ቤታችን ቴሌቪዥን ስላረጀ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ እየተጎተተ ይከተላል። ምስሉ ሲመጣ አንድ አባት በልጆቹ ፊት በጩቤ ተወግቶ ይወድቃል።

የሰፈሩ እናቶች «ልጆቻችን ሌሊት እየባነኑ ነው» ብለው ካማረሩ ወዲህ፣ ባለቤቱ ጋሼ ፈድሉ ፊልሙን ጠዋት ለብቻዬ አይቼ፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ጽፌ በር ላይ እንድለጥፍ አዘውኛል። ሥራው ይስማማኛል። ጨለማ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ እወዳለሁ።

ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ኤልቤቴል ትመጣለች። እናቷ ብቻዋን አይለቋትም፤ ትንሹን ወንድሟን አማኑን ካስከተለች ብቻ ይፈቅዳሉ። እሱ ካልገባ እሷም አትገባም። እኔ ደግሞ ሳምንቱን የምገፋው ከኋላ ሆኜ ሹሩባዋን ለማየት ነው። ባለፈው ወር አማኑ የፊልም ነጎድጓድ አስፈርቶት አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር የዋለው።

ማርከሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ «ከ16 ዓመት በላይ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንዳባራ መጡ። ኤልቤቴል ጃንጥላዋን አጥፋ ወረቀቱን አነበበችና አማኑን አየችው።

«ግቢ፣ ግድ የለም» አሉ ጋሼ ፈድሉ። «አንተ ጎረምሳ፣ እስቲ እጅህን በአናትህ አዙረህ ጆሮህን ንካ።»

አማኑ ቀኝ እጁን አዙሮ ግራ ጆሮውን ያዘ።

«ይኸው፣ ደርሷል።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ አንደኛ ክፍል ለመግባት ነው» አልኩ።

«ትምህርት ቤት የገባ ቪዲዮ ቤት አይገባም?»

«በግራም እችላለሁ» አለ አማኑ።

ኤልቤቴል ሳቋን ዋጠች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አማኑ፣ ይሄኛው ይቅርብህ። ኳስ ሲኖር ከፊት አስቀምጥሃለሁ።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ፈራህ?»

ጋሼ ፈድሉም ኤልቤቴልም እያዩኝ ነው።

«ፈራሁ።»

አማኑ ትንሽ አሰበና ወደ እህቱ ዞረ። «እሱ ከፈራማ ይቅር።»

ጋሼ ፈድሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ። ኤልቤቴል ቀና ብላ አየችኝ፤ እስከ ዛሬ እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ከማዶ ከደጋው፣ በቡሌ በኩል፣ ሰማዩ ገና ዝናብ እንዳዘለ ነው። እያየችኝ ጃንጥላዋን ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ የአማኑን እጅ ያዘች፣ ጃንጥላዋን እዚያው ትታ ቁልቁለቱን ወረደች።