ከመጋረጃው ሥር

እናንተ ብትሆኑ፣ አንድም ፎቶግራፍ ለሌለው ወንድማችሁ ምን ታቅፋችሁ ታለቅሱለታላችሁ?

የውብዳር ጋቢውን ታቅፋ ነበር። የወንድሟ የወልደጻድቅ ሠልስት ነው፤ ከኢተያ የመጡት አማቾቿ ዳሱን ሞልተውታል። አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «እኔስ ወንድም እንዳላት ገና አሁን ሰማሁ» ስትል የውብዳር ሰማቻት።

አስለቃሿ አልጣሽ መሐል ቆማ እጇን ዘረጋች። «ፎቶውን አምጪልኝ እንጂ! ለጋቢ ሙሾ ላውርድ?»

«ልጄ ፎቶ አልተነሣም» አሉ አባቷ ግራዝማች ሀብተ ማርያም። «ራሱ አይወድም ነበር።»

የውብዳር ፊቷ ጋለ። አይወድም?

ያኔ፣ እሷ ሳትዳር፣ በፋሲካ ሰሞን ፎቶ አንሺው ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ከሁሉም ቀድሞ የተሰናዳው ወልደጻድቅ ነበር። ነጭ እጀ ጠባቡን ለብሶ፣ እግሮቹ አይታዘዙለትምና በእጆቹ እየተንፏቀቀ ደጅ ወጣ። ግራዝማች ግን ፎቶ አንሺውን ወደ ጎን ወሰዱት።

«ይህን የልጅቷ አማቾች ያዩታል። በዘራቸው ሽባ አለ ይበሉን?»

የጨዋ ቤት ወግ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!

ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ለፎቶው ከኋላቸው የተወጠረውን መጋረጃ ያርገበግበዋል። «እንግዲያው ከጀርባ ሆኖ ጫፉን ይያዝልን» አለ ፎቶ አንሺው። ወልደጻድቅ ከመሬት ተቀምጦ የታችኛውን ጫፍ ያዘላቸው።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከመጋረጃው ሥር፣ ከየውብዳር ጫማ አጠገብ፣ አራት ጣቶች ብቅ ብለዋል። ግራዝማች ሳያስተውሉ ሰቀሉት። ወልደጻድቅ አይቶ ሳቀ።

«የውቤ፣ ከሁላችሁም የኔ ጣት አምሯል! ባልይዝላችሁ ኖሮ በጨርቅ ተጠቅልላችሁ ትቀሩ ነበር።»

በዚያ ፎቶ የውብዳር ተዳረች። ወልደጻድቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ይገባል፤ ጣቶቹ ግን ሳሎን ይቀራሉ።

አሁን ተነሥታ ገባች። ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ የመስተዋቱን ታችኛ ጥግ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ዳሱ ተመለሰች።

«ይህማ የቤተሰቡ ነው» አለች አልጣሽ። «ልጁ የታለ?»

«ዝም በይ፣ ታሳይሽ!» አለች ጎረቤታቸው ሀሊሜ።

የውብዳር ፎቶውን ከአባቷ ጉልበት ላይ አኖረች። በመዳፏ የሁሉንም ፊት ሸፈነች፤ የአባቷን፣ የእናቷን፣ የራሷንም። የሚታየው ከታች ያሉት አራት ጣቶች ብቻ ሆነ።

«አባባ፣ አይወድም ነበር አሉ። በሉ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይንገሩን፤ እነዚህ ጣቶች የማን ናቸው?»