ዘቅዝቃ የመረጠቻቸው ፎቶዎች

ቁልፍ ቀራጩ ፎቶ ማንሳት እንጂ መምረጥ አይሆንለትም። ይህን ማንም ሳይነግረው ራሱ ቀድሞ ያወራዋል። «ሁሉም የኔው ናቸው፤ ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመትም አይቆዩ» እያለ ይስቃል። የካሜራ ማኅበሩ ግን በየዓመቱ በሚያደርገው የጥቁርና ነጭ ውድድር ከአንድ አባል ከሦስት ፎቶ በላይ አይቀበልም። ሦስቱን የምትለይለት ሚስቱ ነበረች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በሕይወቷ አንድም ፎቶ አንስታ አታውቅም፤ ስለ ካሜራ የምታውቀው አቧራ እንደማይወድ ብቻ ነው። ዐይን ግን ነበራት። ፎቶ ሲሰጣት መጀመሪያ ዘቅዝቃ ነው የምታየው፤ ራሱን ወደ ታች፣ እግሩን ወደ ላይ።

«ልብስ በፊት ለፊቱ ማንንም ያታልላል» ትለዋለች። «ገልብጠህ ስፌቱን ስታየው ነው ጉዱ የሚወጣው። ፎቶህም እንደዚያው ነው። ቀጥ አድርጌ ካየሁት ሰውየው አንጀቴን ይበላኛል፤ አንጀት ደግሞ ዳኛ አይሆንም። ስዘቀዝቀው ጥቁሩና ነጩ ብቻ ይቀራል። ከተደጋገፉ ደግ፤ ካልተደጋገፉ ሰውየው ደም ቢያለቅስም አያድነውም።»

የወደቀውን በግራዋ፣ ያለፈውን በቀኟ ታስቀምጣለች። «በጎቹንና ፍየሎቹን ለየሽ?» ይላታል እሱ። «ዘንድሮ ፍየል በዝቷል» ትለዋለች።

ይህ ድሮ ነው። አሁን ታማለች። ሰውነቷ ደህና ነው፤ የከዳት ትዝታዋ ነው። መጀመሪያ መርፌዋን የት እንዳስቀመጠች ጠፋት፣ ቀጥሎ የሰፈሯ መንገድ፣ ቀጥሎ የባሏ ስም። ሐኪሙ ቃል አላባከነም፤ «እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም» አለ። ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት «እርስዎ» ትለው ጀመር።

«እርስዎ፣ ባለቤትዎ አይፈልጉዎትም? ይመሻል እኮ» ትለዋለች፣ አጠገቧ ተቀምጦ ስታየው።

«ትፈልገኛለች። ትንሽ ልቆይና እሄዳለሁ» ይላታል። ወዲያው በልቡ «የባሰ አታምጣ» ይላል። ከዚህ የባሰ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ታናሽ እህቷ ልታስታምማት መጥታ አብራቸው ትኖራለች። አፏ መራራ፣ እጇ ለስላሳ የሆነች ሴት ናት። ፎቶዎቹ የሚገቡበት ቀን ደርሶ፣ ከምሳ በኋላ ቁልፍ ቀራጩ ያጠባቸውን ፎቶዎች ይዞ መኝታ ቤት ሲገባ አየችው።

«ጋሼ፣ ደግሞ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላስመርጣት ነው።»

«ማንን? እትዬን? ትናንት ሳሙናውን ልትበላ ስትል ጣቴን ከትቼ ነው ከአፏ ያወጣሁት። ዛሬ ፎቶ ትመርጣለች?»

«አንቺ ትራሱን ብቻ ከፍ አድርጊላት።»

ከፍ አደረገችላት። ለእህቷ አልነገራትም እንጂ እሱ የራሱ ሐሳብ ነበረው። ስም ይጠፋል፣ መልክም ይጠፋል ይላል፤ ያ ዐይን ግን ስም አይደለም፤ ከስም በፊት የነበረ ነው። አንድ ፎቶ እንደ ድሮዋ ከመረጠች ውስጥ አለች ማለት ነው፤ በሩ ነው እንጂ የተዘጋው ቤቱ ባዶ አይደለም። ቁልፍ ቀራጭ ደግሞ በር ስለተዘጋ ብቻ ሰው የለም ብሎ አይመለስም።

የመጀመሪያውን ሰጣት፤ ሸክሙን ተንተርሶ ደረጃ ላይ ያሸለበ ተሸካሚ ነው። በሁለት እጇ ተቀበለችው። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ዘቀዘቀችው።

ቁልፍ ቀራጩ ወደ አልጋው ጠጋ አለ።

በቀኟ አስቀመጠችው። ሁለተኛውን ሰጣት፤ ነፋስ የነፋው፣ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነው። ይህንንም ዘቀዘቀችና በግራዋ ጣለችው።

«አየሽ?» አላት እህቷን በሹክሹክታ። «አየሽ አይደል? በግራ ጣለችው እኮ!»

«አየሁ» አለች እህቷ። ፊቷ ግን አልፈካም።

በቀኟ ሦስት ሲሞሉ እጇን ይዞ አስቆማት። ሰብስቦ ፖስታ ውስጥ ከተታቸው፤ ከደስታው ብዛት አንዱን በደንብ እንኳ አላየውም። «ተመስገን» አለ ጮክ ብሎ፤ «ተመስገን አምላኬ!» የተረፉትንም በቦርሳው ያዛቸው።

እህቷ ሻይ ልትቀዳ ኩባያና ማንኪያ ይዛ መጣች። ታማሚዋ ባዶውን ኩባያ ተቀበለቻት፣ ዝም ብላ አየችው፣ ዘቀዘቀችው፣ በግራዋ አስቀመጠችው። ማንኪያዋን አነሳች። ዘቀዘቀቻት፤ በቀኟ። የባሏ መነጽር ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፤ እሱም ተዘቀዘቀ።



«ሰሞኑን እንዲህ ናት፣ ጋሼ» አለች እህቷ። በድምፅዋ ያ ምሬት አልነበረበትም። «ጫማውን፣ ማበጠሪያውን፣ ያገኘችውን ሁሉ። ልነግርህ ነበር፤ ደስ ሲልህ ሳይ ምላሴ ታሰረ።»

«ማንኪያ ሌላ፣ ፎቶ ሌላ» አለ። መነጽሩን አቃንቶ አደረገና ወጣ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ባለች ክፍል ነው። ፎቶ የሚቀበለው ጸሐፊው ነው፤ ሥራው የጥርስ ሐኪም፣ ሰው ሲያይ መጀመሪያ አፍ አፉን የሚያይ።

«ቁልፌ! በሩን ልዘጋብህ ስል ደረስክ። ደግሞ አንተን በር ይመልስህ ይመስል!»

ፖስታውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ተሸካሚው ደህና ነው። ሁለተኛው ያጋደለ ግድግዳ ነው፤ ካሜራው ከእጁ ሊወድቅ ሲል ሳያስበው የተነሳ። ሦስተኛውን ሲያየው ቁልፍ ቀራጩ ራሱ ደነገጠ። ተቻኩሎ ከማጠቢያው መድኃኒት ጊዜው ሳይደርስ ያወጣው ነው፤ ጥጉ ላይ ቡናማ እድፍ እየተሳበ፣ የአውራ ጣት አሻራ መሐሉ ላይ ተጋድሞበት። ሊጥለው ለይቶት ነበር። ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ኖሯል።

«ይሄስ ነቅለው የሚጥሉት ነው» አለ የጥርስ ሐኪሙ። «ተሳስተህ ነው መሰለኝ። ሌላ ይዘህ ከሆነ ቀይር፤ እጠብቅሃለሁ።»

ቁልፍ ቀራጩ ከቦርሳው አንሶላውን አወጣ።

«አንተ ሰው!» አለ ሐኪሙ። «ይሄን ደብቀህ ነው ያንን የምታመጣብኝ?»

ቁልፍ ቀራጩ አንሶላውን ወደ መስኮቱ ወስዶ በገዛ እጁ ዘቀዘቀው። እንዲህ አድርጎ ፎቶ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ገመዱ ጠፋ፣ ነፋሱ ጠፋ፣ አንሶላውም ጠፋ። የቀረው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተያይዘው ቁልቁለት እንደሚወርዱ። መምረጥ የማይሆንለት ሰው እንኳ ገባው። ዐይኗ ቢኖር ኖሮ ይህን በግራ አትጥለውም ነበር።

 ሐኪሙ ተከትሎት ወደ መስኮቱ መጣ።

«ማን መረጠልህ?»

«ባለቤቴ።»

ሐኪሙ ሕመሟን ሰምቶ ኖሮ አንገቱን ደፋ። ቁልፍ ቀራጩ አንሶላውን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«እነዚህ ይግቡ» አለ።

«ይወድቃሉ እኮ፣ ቁልፌ።»

«ይውደቁ። ሁልጊዜም የሚገባው እሷ የመረጠችው ነው።»

ቤት ሲደርስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኛት። እህቷ ጓዳ ናት። አጠገቧ ተቀመጠ። ባዶው ፖስታ እጁ ላይ ቀርቶ ነበርና ዐይኗ ገባ፤ እጇን ዘረጋች፤ ሰጣት። ዝም ብላ አየችው። ዘቀዘቀችው። ነቀነቀችውና የሚወድቅ ነገር ካለ ብላ ብርድ ልብሱን ተመለከተች። እሱም አብሯት ተመለከተ።

«ምንም የለበትም» አለችው።

«አዎ፣ የለበትም» አላት።

ፖስታውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ለእንግዳ በሚሆን ትሕትና ወደ እሱ ዞረች።

«እርስዎ፣ ባለቤትዎ አይፈልጉዎትም? መሸ እኮ።»

የለመደውን መልስ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። «ትፈልገኝ ነበር» አላት።