የዓርቡ መርዶ

የሁለቱ ግንባሮች ጥምረት አንድ አሠራር ነበረው። ረቂቅ ይላካል፤ እስከተባለው ሰዓት ተቃውሞ ያላቀረበ እንደተስማማ ይቆጠራል። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ስንቱ ገብቷል!

እኔ ካምፓላ የትንሹ ግንባር ተወካይ ነኝ። ማክሰኞ የደረሰኝ ረቂቅ በጦርነታችን ገለልተኛ ለሆነች ጎረቤት አገር የሚላክ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የአየር ማረፊያሽን ለጠላት ካልዘጋሽ ተዋጊዎቻችን ብቸኛውን መንገድሽን ይዘጋሉ ይላል። መድኃኒትም አያልፍም። እህቴ ሔሊና በዚያች አገር ስደተኞች ካምፕ ናት። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗ የሚገባው በዚያ መንገድ ነው። ተቃውሞዬ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ነበረበት።

ጽፌ መላክ ስችል፣ እኔ ጨዋው፣ ለታላቅ ሰው በቃል መንገር ይሻላል ብዬ የትልቁ ግንባር ተወካይ አቶ ሕሩይ ዘንድ ደወልኩ።

"ዓርብ ጠዋት ቤት ና፣ የሺዋስ። እንጨርሰዋለን" አሉኝ።

ዓርብ ከሰፈሬ ከኪሰንዪ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዤ እሳቸው ሰፈር ሜንጎ ስደርስ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ንጋት ላይ የእናታቸውን ሞት ተረድተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ፤ የአገሬው የጋንዳ ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ ማቶኬ፣ የሙዝ ቅቅላቸውን፣ ይዘው መጥተዋል። ተቃውሞዬ ተጽፎ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዴት ብዬ ላውጣው? ለቅሶ ቤት የፖለቲካ ወረቀት! ደግሞስ ሐዘንተኛ ቤት ማን ሰዓት ይቆጥራል? ተቀመጥኩ፣ ንፍሮ ዘገንኩ፣ ስድስት ሰዓት አለፈ።

ቅዳሜ ማስጠንቀቂያው መላኩን፣ ጎረቤቲቱ እምቢ በማለቷም መንገዱ መዘጋቱን ሰማሁ። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

"አቶ ሕሩይ፣ ትናንት እኮ ልነግርዎት ነበር የመጣሁት!"

"አውቃለሁ።" ዓይናቸው ደርቋል። "የእናቴን ሞት ከሰማሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ለብቻዬ አልቅሼ ጨርሻለሁ። መርዶውን ለዓርብ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በደንብ ያሳደጉህ ልጅ መሆንህን ስለማውቅ።"

ልመታቸው ፈለግኩ። የመታሁት ግን የገዛ ጭኔን ነው።

"እህቴ ትሞታለች" አልኩ።

"የስንት ቀን መድኃኒት አላት?"

"የሁለት።"

"እንግዲያው አዲስ ረቂቅ አዘጋጅ። መንገዱ ለመድኃኒት ይከፈት በል። እኔ አልቃወምም።"

ከደስታዬ ብዛት ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና፣ "እስከ ረቡዕ ማንም ካልተቃወመ ይጸድቃል" አሉኝ።