የጃኬቱ ጀርባ

መርማሪው ሱቄ የገባ ዕለት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ መስሎኝ ነበር። የደንብ ልብስ አልለበሰም፤ ሱሪውም እውነቱን ለመናገር መሬት እየጠረገ ነበር። ሜትሬን ከአንገቴ ላይ ሳወርድ እሱ ከኪሱ ፎቶ አወጣና ከጠመኔው አጠገብ አስቀመጠልኝ።

«ጋሼ፣ በሙያዎ ልጠይቅዎት። እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ ሰፈር ማን ይሠራል?»

ፎቶው ከካሜራ ላይ የተወሰደ ነው፤ ደብዛዛ። አንዲት ልጅ ከጀርባዋ ትታያለች፤ ፊቷ የለም። የለበሰችው ጥቁር ሰማያዊ የተማሪ ጃኬት ሲሆን ከአንገቱ እስከ ጫፉ መሃል ጀርባውን ይዞ የሚወርድ ግራጫ ጨርቅ አለው። እኔ ደግሞ ሥራዬን ሳይ ልቤ የሚያብጥ የማልረባ ሰው ነኝ። ጃኬት ሲጠብ ሌላው ሰፊ ጎንና ጎኑን ተርትሮ ይቀጥልና ያስቀይመዋል። እኔ ጀርባውን መሃል ለመሃል ከፍቼ ሌላ ቀለም አስገባበታለሁ፤ ያየው ሁሉ ከፋብሪካ እንዲሁ የወጣ ይመስለዋል።

«ይሄማ የእኔ እጅ ነው!» አልኩት።

«ለማን ሰፉት?»

«ለልጄ ነዋ! እድገቷ አላስቀምጥ ብሎኝ።»

ካፍ የወጣ አፋፍ። ጻፈ፣ አስፈረመኝ። እኔ ጅሉ ሱሪውንም ቁጭ ብሎ ከጠበቀ እንደማሳጥርለት ነገርኩት። ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝና ነገሩን ያስረዳኝ። በገበያ ማዕከሉ ደረጃ ላይ አንዲት ተማሪ ተገፍትራ ወድቃለች። ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ራሷን ስታ ሰንብታ ገና መንቃቷ ነው፣ ስለዚያ ቀንም አንድ የምታስታውሰው ነገር የለም። ገፍታሪዋን ያየው ካሜራው ብቻ ነው፤ እሱም ከጀርባዋ። ልጄን በዚያው ቀን ከክፍሏ ወሰዷት።

ባለቤቴ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራ። ወሬውን ሰምታ ዱቄቷን እንኳ ሳታራግፍ መጣችና ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ሰው ልጁን በፊቷ ያውቃል» አለችኝ። «አንተ በስፌቷ!»

ከዚያ ወዲያ ዘጋችኝ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከተኳረፉት ሰው ጋር መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጨው ስፈልግ ለግድግዳው እናገራለሁ፤ ግድግዳው ጨዉን ያቀብለኛል። ሱቅ ስሄድ ደግሞ ሰፈሩ ይጠብቀኛል። ቁልፍ አስተክላለሁ ብላ የመጣች ጎረቤቴ ሸሚዙን ረስታው ነበር የመጣችው። «አይዞህ፣ ልጅ ነች፣ ምን ያደርጓታል?» ትለኛለች፤ ዐይኗ ግን ምን እንደሚያደርጓት እንድነግራት ይለምነኛል። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ድምጿን በመኪናው ድምፅ እሸፍን ነበር፤ ክር ያልገባበትን መርፌ እያስሮጥኩ እንደሆነ የማውቀው ጨርቁ ሲላቀቅ ነው።

ልጆች በሚታሰሩበት ማቆያ ውስጥ ጠያቂ የሚያነጋግረው በሽቦ መስኮት ነው፤ አንድ በአንድ ነው የሚያስገቡት። ልጄን ሚጣ ነው የምላት። ጉልበቴ ስር ስትርመሰመስ ያወጣሁላት ስም ነው፤ አሁን በቁመት በልጣኛለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እናቷ የላከችውን ዳቦ ዘበኛው ፈትሾ፣ ሰባብሮ፣ አሳለፈላት።

«ከፎቶው ላይ ስፌትህን አወቅከው አሉኝ» አለችኝ።

«አወቅኩት።»

«ጎበዝ።»

እያሾፈችብኝ ይሁን እያዘነችልኝ አልገባኝም። የዳቦውን ቁራጭ በጣቷ እያደቀቀች ቆየችና ወደ ሽቦው ተጠጋች።

«ገፍቻታለሁ አባዬ።»

አልገፋሁም እንድትለኝ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

«በጃኬታችን ነው የምትስቅብን። ቀጮን ባየች ቁጥር 'አስፋልት መጣች' ነው የምትለው፤ ጀርባችሁ ላይ መንገድ አለ እያለች ክፍሉን ታስቃለች። የዚያን ቀን ቀጮ የለችም፣ ብቻዬን ነኝ። 'ሌላዋ አስፋልት የት ታጥፋ ቀረች?' አለችኝ። ገፋኋት። ከኋላዋ ደረጃ መኖሩን ረሳሁት። በእናቴ ሞት፣ ረሳሁት።»

«ጃኬቱስ?»

«ወንዝ ጣልኩት። ለእነሱ እዚያ አልነበርኩም፣ ጃኬቴም ከጠፋ ቆይቷል ብያቸዋለሁ።» ቀና አለች። «ቀጮ ግን የለችበትም እሺ? ምንም አታውቅም።»

ቀጮ የግቢያችን ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ጆሮዋ ከማይሰማ አክስቷ ጋር ትኖራለች፤ መኖሪያዋ እዚያ ይባል እንጂ ምሳዋም ጥናቷም እኛ ቤት ነው። ለሚጣ ጃኬት የገዛሁት ግራጫ ጨርቅ ከተረፈ ብዬ የእሷንም በዚያው አሰፋሁላት። ተረፈ ያልኩት ግን አልተረፈም። መጀመሪያ የእሷን ስለቆረጥኩ ለሚጣ አንድ ጣት ያህል አነሰኝ፤ ከታች ከጫፉ ላይ ከጥቁር ሱሪ ቁራጭ ቀጠልኩላት። ለገዛ ልጄ ቅጣዩን፣ ለሰው ልጅ ሙሉውን። ይህን ማንም አያውቅም፤ ፎቶው ላይም ጥላ ነው የሚመስል። እኔ ግን ያቺን ቁራጭ ገና መርማሪው ፎቶውን ሲያስቀምጠው ነው ያየኋት።

መንግሥት ያቆመልን ጠበቃ ወጣት ሴት ናት፤ የቦርሳዋ ማንገቻ ሊበጠስ አንድ ክር ቀርቶታል። ሱቄ መጥታ በተረከዟ ስትንጎራደድ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«የያዙት ፎቶውንና የእርስዎን ቃል ብቻ ነው። ጃኬቱ የለም፤ ያየ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ስፌት ለሌላ ሰው ሰፍተዋል?»

ለአንድ ጊዜ እንኳ አፌ ዘገየ።

«ስም አልጠየቅኩዎትም» አለች። «ችሎት ፊት ሲጠየቁ 'ለሌላም ሰፍቻለሁ፣ ከፎቶው መለየት አልችልም' ይበሉ። አልችልም ካሉ ልጅዎ ቤቷ ትገባለች።»

«ከዚያስ ሌላዋ?»

«እኔ የቆምኩት ለልጅዎ ነው ጋሼ።»

ማንገቻዋን ልስፋልሽ አልኳት፤ ቸኩላለች፣ ሄደች። መኪናዬ ላይ እንደተደፋሁ ቀረሁ። «አልችልም» ብል ፖሊስ የማን ቤት እንደሚሄድ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ግቢያችን ገብቶ በግራ በኩል ሁለተኛው በር ነው። እዚያ ጃኬቱ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያገኘዋል። የምትከራከርላት አክስቷ ናት፤ የተጠየቀችውንም አትሰማም። «እችላለሁ» ብል ደግሞ በገዛ እጄ የሰፋሁትን በገዛ አፌ ልጄ ላይ ልዘጋባት ነው። በየትም በኩል ብሄድ የምወጣበት አልነበረም።

በምሳ ሰዓት ዳቦ ቤቱ ጓሮ ሄጄ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሚጣን ቃል፣ የጠበቃዋን ምክር፣ የቁራጯን ነገር። ሊጡን ማሸት አላቆመችም።

«ፎቶው ላይ ያቺን ቁራጭ ከአንተ በቀር የሚያይ አለ?» አለችኝ። ካኮረፈች ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«የለም።»

«ልጄን አምጣልኝ። እንዴት አድርገህ አልልህም።»

«ቀጮስ?»

እጇ ሊጡ ውስጥ ቆመ። ቀጮ እትዬ የምትላት፣ ፀጉሯንም የምትሠራላት እሷ ናት፤ የወር አበባዋ የመጣ ጊዜ ሮጣ የመጣችው ወደ እሷ ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። «ልጄን አምጣልኝ» አለች ደግማ፤ እንባዋ ሊጡ ላይ ወረደ። ፊቷን በክርኗ ጠረገችና ማሸቷን ቀጠለች። እኔም አመጣታለሁ ብዬ ወጣሁ። እውነቴን ነበር፤ ወስኜ ነበር።

የችሎቱ ቀን ሙቀቱ ለጉድ ነው። የልጆች ጉዳይ በዝግ ስለሚታይ እናቷ ከሚጣ ጋር ገባች፤ እኔ ምስክር ስለሆንኩ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እስክጠራ እጠብቃለሁ። «መለየት አልችልም፣ መለየት አልችልም» እያልኩ እንደ ተማሪ እሸመድዳለሁ። ቀና ስል ቀጮ በኮሪደሩ ትመጣለች። ጃኬቷን ለብሳለች፤ እስከ አንገቷ ተቆልፋ።

«አንቺ! በዚህ ሙቀት?»

«እትዬ ናቸው ልበሺው ያሉኝ።» አጠገቤ ተቀመጠች። «ከቤት ሳይወጡ በሬን አንኳኩተው፣ ጃኬትሽን ለብሰሽ ነይ፣ ፍርድ ቤት ይበርዳል አሉኝ።»

ጠበቃዋ ወረቀት ታቅፋ በአጠገባችን ስታልፍ ቆም አለች፤ ዐይኗ የቀጮ ጀርባ ላይ ተተከለ፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምንም ሳትል ገባች።

የቀጮ የእጅጌዋ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ አላስችል ይለኛል፤ መርፌና ክር ደግሞ ከኮሌታዬ ስር አይጠፋም። እጇን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ መስፋት ጀመርኩ። ቢያንስ እጄ የሚሠራውን ያውቃል።

«ጋሼ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለምን ልበሺው እንዳሉኝ ገብቶኛል።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«አልተቀየምኳቸውም። ከጠየቁኝ እኔ ነበርኩ እላለሁ። ሚጣ እናት አላት፣ እርስዎ አሉላት። እኔ ብታሰር አክስቴም ቶሎ አትሰማ።» ይህን ብላ ሳቀች። «በዚያ ላይ ነገሩ የመጣው በእኔም ጃኬት ነው።»

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም፤ በባለቤቴ፣ በራሴ፣ በዚያች ሳቅ። ልሰርቃት አድብቼ የነበረውን ነገር ልጅቷ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ዝም በይ! ማን ጠየቀሽ? አርፈሽ ተቀመጭ!» ብዬ ጮህኩባት። ፖሊሱ ዞሮ ገላመጠን። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና ተጠራሁ።

ስነሳ ክሩ እጄን ያዘኝ። አልቆረጥኩትም፤ መርፌውን ይዤ ልሄድ ስል የልጅቷ እጅጌ አብሮ ተሳበ። መቀስ የለኝ፣ በጥርሴ እንዳልበጥሰው ፖሊሱ ክንዴን ይዞኛል። መርፌውን ለቀቅኩትና ገባሁ።

ዳኛው ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ የካባው እጅጌ ጫፉ ተተርትሯል። ሚጣ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ዐቃቤ ሕጉ ፎቶውን አሳየኝና የእኔ ሥራ መሆኑን ጠየቀኝ፤ ነው አልኩ። ከዚያ ጠበቃዋ ተነሳች። የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶ ቋጥራዋለች።

«ተመሳሳይ ስፌት ለሌላ ሰው ሰፍተዋል?»

«ሰፍቻለሁ።»

ባለቤቴ ዐይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነበር።

«ታዲያ ከዚህ ፎቶ ላይ የማን ጃኬት እንደሆነ መለየት ይችላሉ?»

አንድ ቃል ነው የቀረኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ሚጣን አየኋት። እሷ እኔን አታይም፤ ከኋላዬ ያለውን በር ነው የምታየው፤ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። በክፍተቱ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ይታያል። ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አታድርገው ማለቷ ነው።

«እችላለሁ» አልኩ።

ጠበቃዋ ወረቀቷን አስቀመጠች።

«ከታች ጫፉ ላይ ጥላ የምትመስለው ቅጣይ ናት። ጨርቅ አንሶኝ የቀጠልኳት። የሌላዋ ጃኬት ሙሉ ነው። ይቺ የልጄ ናት።» ዳኛው ጨርሰሃል ወይ ሲለኝ አልጨረስኩም አልኩ። «ጥፋቱን ለእሷ ብቻ አትስጡት። ልጅቷ ስትስቅባቸው የኖረችው በእኔ ሥራ ነው። ልጄ መጥታ አልነገረችኝም፤ እንደምኮራበት ታውቃለቻ!» ዳኛው በቃ፣ ተቀመጥ አለኝ። ከባለቤቴ በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። የሚጣ ትከሻ ግን ሲወርድ አየሁት፤ ከታሰረች ጀምሮ ሰቅላው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ጥፋተኛ ተብላ፣ በማቆያ እንድትቆይ ታዞ ለቅጣት ውሳኔ ተቀጠረች። ኮሪደሩ ውስጥ ባለቤቴ በአጠገቤ እንደማታውቀኝ ሰው አለፈች። ቀጮ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ የምትናገረው ያለ መሰለኝ፤ የጃኬቷን የአንገት ቁልፍ ብቻ ፈታላት ወጣች።

ሚጣን ሁለት ሴት ፖሊሶች ይዘዋት መጡ። ቀጮ ተነሳች፤ መርፌው ከእጅጌዋ ላይ በክሩ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሚጣ አየችውና እግሯን ተከለች።

«አባዬ፣ ቁልፏን አልጨረስክላትም።»

«አልጨረስኩም።»

«ጨርስላታ!» አለችኝ፤ ወሰዷት።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ቀጮም ሳትጠየቅ ተቀመጠችና እጇን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። እንባዬን እንዳታይብኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም መርፌውን ፈልጌ ያዝኩና፣ ዐይኔ ቀዳዳውን ባያይልኝም፣ በዳበሳ ጨረስኩላት።