አርባ ስምንት ሰዓት

ለሊሴ ፊልሙን ለሦስተኛ ጊዜ ስታሳይ እንድሪያስ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ፊልሙ ላይ በሚታየው ብልቃጥ ውስጥ ጥቁሩ የድንጋይ ዱቄት መጀመሪያ እንደ ጭስ ተበተነ፤ ቀጥሎ ቅንጣት ከቅንጣት እየተላተመ ተያያዘ፤ አርባ ሰከንድ ሳይሞላ ሽምብራ ሽምብራ የሚያክል ጓል ሆኖ ተንሳፈፈ።

«ዓለም እየተወለደች፣ አንተ ውጭ ታያለህ!» አለችው።

ምድርም ሌሎቹ ፕላኔቶችም ከአቧራ ተጠራቅመው ተሠሩ ይባላል። ታዲያ ደረቅ አቧራ ክብደት በሌለበት ቦታ ሲላተም በእርግጥ ይጣበቃል? በአርባ ምንጭ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ሁለት ዓመት የለፉት ይህን ለማየት ነበር። ወደ ሰማይ ወጥታ፣ ጥቂት ደቂቃ ክብደት አልባ ሆና ተመልሳ የምትወድቅ የምርምር ሮኬት ላይ፣ ባሕር ማዶ፣ የጫማ ካርቶን የምታህል ቦታ ተሰጣቸው። የቡድኑ መሪ የነቀምቴዋ ለሊሴ ነበረች። ድንጋዩን ፈጭቶ ዱቄቱን ማድረቅ የእንድሪያስ ድርሻ ነበር።

ዱቄቱ ምድጃ ውስጥ አርባ ስምንት ሰዓት መቆየት አለበት። ርጥበት ካለው መጣበቁ ምንም አያስረዳም፤ ርጥብ ነገርማ እዚሁ ምድር ላይም ይያያዛል፤ ጨው እንኳ በክረምት ዕቃው ውስጥ ይጓጉላል።

የማድረቂያው ቀን ከመስቀል ጋር ገጠመ። እንድሪያስ የጨንቻ ልጅ ነው፤ በጋሞ አገር በመስቀል ከቤቱ የቀረ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ነው የሚባለው። ለሊሴን ግን ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አልሄድም፤ ከምድጃው አልለይም» ብሏት ነበር።

አባቱ ደወሉ። «በሬው ተገዝቷል። ወንድሞችህ ከሐዋሳ ገብተዋል። አንተ እዚች ታች አርባ ምንጭ ሆነህ ነው የምትቀር?»

«ሥራ አለብኝ፣ አባባ። አቧራ እያደረቅኩ ነው።»

«አቧራ ለመድረቅ ዘበኛ ይፈልጋል እንዴ?»

እንድሪያስ ምድጃውን አስነሥቶ፣ ክፍሉን ቆልፎ ሄደ። ደመራው ሲለኮስ አየ፤ ሥጋውን በላ፤ ጨፈረ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሲመለስ ምድጃው ቀዝቅዟል።

«የዚህ ሕንፃ መብራት የጠፋው አንተ የወጣህ ዕለት ነው፤ ትናንት ነው የመጣው» አለችው የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ልክነሽ። አሮጌው ምድጃ መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሣም፤ ቁልፉን የሚጫን ሰው ይፈልጋል። የምድጃው መስታወት በውስጥ በኩል ጤዛ ቋጥሮ ነበር። የሙከራውን ሳጥን ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና ደግሞ የዚያኑ ዕለት ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል።

እንድሪያስ ምድጃውን አስነሣ፣ ሦስት ሰዓት ጠበቀ፣ ዱቄቱን በብልቃጡ አሸገ። ወረቀቱ ላይ «የደረቀበት ጊዜ» ከሚለው ፊት «48 ሰዓት» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ለማንም አልተናገረም። ሮኬቷ መጋቢት ላይ ወጣች፤ አሁን ሚያዝያ ነው።

«ሮኬቷን ያስወነጨፉት ሰዎች ጥያቄ ልከዋል» አለች ለሊሴ። «‹ከጠበቅነው በላይ ቶሎ ተጣበቀ፤ ደረቅ ለመሆኑ እርግጠኞች ናችሁ?› ይላሉ።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ልልከው ስል ነው የገባኸው። ስማ፤ ‹ዱቄቱን ያደረቀው እንድሪያስ ነው። ትልቁን የአገሩን በዓል ትቶ ከምድጃው ሥር የከረመ ሰው ነው። ለእሱ ዋስ ነኝ።›» ሳቀች። «ፍርድ ቤት የቆምኩ መሰልኩ አይደል? ይሁን፣ ይሂድ።»

ጣቷ ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፍ ሄደ።

«አትላኪው።»

«ምነው፣ ሙገሳው አነሰህ?»

«ለሊሴ፣ እኔ አልቀረሁም። ጨንቻ ነበርኩ።»

ሁሉንም ነገራት፤ የጠፋውን መብራት፣ ሦስቱን ሰዓት፣ ፊርማውን። ፊልሙ ቀና ብሎ የሚያይ አጥቶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ያወቅኸው መቼ ነው?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«ሮኬቷ ሳትነሣ ስድስት ወር ሲቀራት።»

«አዎ።»

ይወርድብኛል ብሎ የጠበቀው ቁጣ አልመጣም። «እኔ እኮ እዚሁ ግቢ ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ። «ሌሎቹ አገራቸው ገብተው፣ አንተን ከሥራህ እንዳላስፈታህ ብዬ ሳልመጣ፣ ሦስት ቀን የማናግረው ሰው አጥቼ። የክፍሉን ቁልፍ ብትሰጠኝ ምድጃው ሥር አንጥፌ እተኛ ነበር።»

እንድሪያስ ፊቱ ነደደ። ሰባት ወር ሙሉ ስለ መብራቱ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ መኪናው ሲያስብ ይህ አንድም ቀን አልመጣለትም ነበር። ቁልፉን ያልሰጣት «አልሄድም» ያለበትን አፉን መልሶ «እሄዳለሁ» ማለት ስላፈረ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ ገፋችው። «ጻፍ።»

ጻፈ። አንብባ ከታች የራሷን ስም ጨመረች።

«ያንቺ ስም ለምን?»

«ወረቀቱን አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።» ላከችው። «ዶክተርን ግን እኔ አልነግርልህም።»

መምህራቸው ዶክተር አበጋዝ ውጭ መሰላል ላይ ሆነው ከሰዓት ለሚከበረው የሮኬቷ በዓል ባነር እያሰሩ ነበር። ከዞኑ አስተዳደር እንግዶች ይመጣሉ።

«አንተ የአቧራው ጌታ!» አሉት ገና ሲያዩት። «ና፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

«ዶክተር፣ ይውረዱልኝ። የምነግርዎት አለ።»

«ይቺን ላስርና።»

«አይሰሩት፣ ዶክተር።»

ገመዱን እንደያዙ ቁልቁል አዩት። «ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሰው አልሞተም።»

ዶክተሩ በእግራቸው መወጣጫውን እየፈለጉ መውረድ ጀመሩ። እንድሪያስ መሬት እስኪደርሱ አልጠበቀም፤ ፊት ለፊት ካያቸው እንደማይናገር ያውቀዋልና፣ ገና ጀርባቸውን እንደሰጡት ጀመረ።